የሕፃናት ሕብለ ሰረሰር፣ የሕዋስ ሕክምናና የመንዝ ጨው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሕፃን ወገብ ሲናገር መስማት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ሳይሆን አይቀርም። መንገድና ድልድይ፣ ቱቦና ወፍጮ የለመደ ሰው በሐኪም ሥራ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አጭር ነው፤ የዛሬው ርእስ ግማሹ የሐኪም ሲሆን ግማሹ የመሐንዲስ ነው። ስለ ሐኪሙ ግማሽ በታላላቅ የዓለም ቤተ ሙከራዎች ብዙ ይነገራል። የመሐንዲሱ ግማሽ ግን በጨው ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ሠሪ ይጠብቃል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ፣ ታርማ በር ላይ ከደሴው አውራ ጎዳና ወደ ግራ ሲታጠፍ በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ ይደርሳል። ጉዞው 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል፤ በጉና በርኖሱ የታወቁ ናቸው። ወደ ሰሜን ግሼ አለ፤ ወደ ምዕራብ ጥልቅ የሆኑት የወንዝ ሸለቆዎች ከመርሐቤቴ ይለዩታል። ከጓሳ ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ደግሞ ገደሉን ቁልቁል ወደ ይፋት፣ ከዚያም ወዲያ ወደ አፋር ቆላ ያያል። ይህ የምሥራቁ እይታ በንግግሩ ፍጻሜ ላይ ስለሚያስፈልግ አድማጭ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው።

በዚህ ደጋ በአንዲት ጎጆ ውስጥ፣ ወገቡ ላይ ቆዳ ያልሸፈነው እብጠት ያለበት ሕፃን ተወለደ እንበል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ይጠባል፣ እጆቹን ያወናጭፋል፤ እግሮቹ ግን አይንቀሳቀሱም። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የሠራችውን ጥፋት ይፈልጋል። እናት ግን ምንም ጥፋት የለባትም። የሆነው ነገር የሆነው፣ እርጉዝ መሆኗን እንኳ ሳታውቅ ነው። ይህ ጉዳት በምን ምክንያት ይመጣል? ዛሬ ብዙ የሚወራለት የሕዋስ ሕክምናስ ለዚህ ሕፃን ይደርስለታል ወይ? የዛሬው ንግግር ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋል።

ስለ ሕብለ ሰረሰር አሠራር

ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ፣ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ የነርቭ ገመድ ነው። የአንጎል ትእዛዝ በእርሱ ወደ እጅና እግር፣ ወደ ፊኛና አንጀት ይወርዳል፤ የሕመምና የሙቀት ወሬም በእርሱ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ረገድ ከስልክ ገመድ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን የስልክ ገመድ ቢበጠስ ሠራተኛው ሽቦውን በየቀለሙ እያገናኘ ይቀጥለዋል። ሕብለ ሰረሰር ሲበጠስ ግን ቀጣይ የለውም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ጉዳቱ በአንድ ጊዜ የሚያበቃ አለመሆኑ ነው። ከምቱ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት እብጠትና የደም እጥረት ከምቱ የተረፉትን የነርቭ ሕዋሳት ጭምር ይገድላሉ። ሁለተኛው፣ በጉዳቱ ቦታ ጠባሳ ተፈጥሮ መንገዱን መዝጋቱ ነው። ሆኖም የነርቭ ክሮች ፈጽሞ የማደግ ችሎታ የላቸውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ሳሙኤል ዴቪድና አልበርት አጉዋዮ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ እንዳሳዩት፣ ከእግር የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ እንደ ድልድይ ሲዘረጋላቸው የሕብለ ሰረሰር ክሮች በእርሱ ውስጥ አድገው ይሄዳሉ። እንግዲህ ችግሩ የክሮቹ ብቻ ሳይሆን የመንገዱም ነው ማለት ነው። ከሕዋስ ሕክምና ሐሳብ መሠረቶች አንዱ ይህ ግኝት ነው።

የሕፃናቱ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። የመንዙ ሕፃን ሕብለ ሰረሰር የተጎዳው በመውደቅ ወይም በመኪና አደጋ ሳይሆን በማሕፀን ውስጥ ነው። ፅንስ ገና ከሰሊጥ ፍሬ ባልበለጠበት ጊዜ፣ ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል እንደ ጠፍጣፋ ቅጠል ነው። የቅጠሉ ግራና ቀኝ ተነሥቶ ይጠቀለልና ቱቦ ይሆናል። ሥራው በተፀነሰ በ28 ቀን ይጠናቀቃል። ቱቦው በታች በኩል ሳይገጥም ከቀረ አከርካሪው ክፍት ሆኖ፣ ሕብለ ሰረሰሩም ያለ ክዳን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ራቁቱን የቀረው ነርቭ በማሕፀን ውኃ እየተበላና በግድግዳው እየተፈተገ ይጎዳል። ስለዚህ ጉዳቱ በሁለት ደረጃ የሚመጣ ነው፤ አንደኛው በ28 ቀን ውስጥ የሚፈጸም ጉድለት ሲሆን፣ ሁለተኛው እስከ መወለድ የሚቀጥል መቦርቦር ነው።

ይህ ጉዳት በአገራችን ብርቅ አይደለም። በአዲስ አበባ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 126 ያህሉ የዚህ ዓይነት ጉድለት እንዳለባቸው አግኝቷል። በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገው ደግሞ 131 ያህል ቆጥሯል። ዱቄታቸውን በፎሊክ አሲድ በሚያበለጽጉ አያሌ አገሮች ቁጥሩ ከ10 በታች ነው።

የሕዋስ ሕክምና እስከ የት ደርሷል

ግንደ ሕዋስ የሚባለው ገና ሞያው ያልተወሰነ፣ ተባዝቶ ልዩ ልዩ ዓይነት ሕዋስ ለመሆን የሚችል ሕዋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ሞያው የተወሰነን ሕዋስ ወደዚህ ጥንተ ጠባዩ መመለስ እንደሚቻል በአይጥ ሕዋስ አሳየ፤ በ2012ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዚህ ዘዴ የተዘጋጁ ሕዋሳት በቶክዮ በሚገኘው በኬዮ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 2021 ሕብለ ሰረሰሩ በተጎዳ ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተከሉ። በ2025 የአራት ታካሚዎች ውጤት ሲገለጽ፣ ሁለቱ ጥሩ መሻሻል ማሳየታቸው ተነገረ። የታካሚዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ፣ ምን ያህሉ መሻሻል ከሕዋሱ፣ ምን ያህሉ ከተፈጥሮ ማገገም እንደመጣ ለመለየት ገና ብዙ ሥራ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ታካሚዎቹ አዋቂዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም።

ለሕፃናቱ ጉዳይ የሚቀርበው ሙከራ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚካሄደው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመ ሌላ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ገሚሶቹ ፅንሶች በማሕፀን ሳሉ ጀርባቸው በቀዶ ሕክምና ተዘጋ፤ ገሚሶቹ ደግሞ እንደ ቀድሞው ከተወለዱ በኋላ ተዘጋላቸው። ከተወለዱ በኋላ ከታከሙት ያለ ድጋፍ ለመራመድ የቻሉት ከመቶ 21 ሲሆኑ፣ በማሕፀን ከታከሙት ግን 42 ነበሩ። ውጤቱ እጥፍ ነው፤ ሆኖም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሁንም ያለ ድጋፍ አልተራመዱም። የዴቪስዋ ቀዶ ሐኪም ዳያና ፋርመርና የሥራ ባልደረባዋ አይጁን ዋንግ ለቀረው ጉድለት መፍትሔ ፈለጉ። ዋንግ በሞያው የሕይወታዊ ምሕንድስና ሊቅ መሆኑን በዚህ ጉባኤ ፊት ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። ከሌላ እናት በስጦታ ከተገኘ የእንግዴ ልጅ ሕዋሳት ይወሰዳሉ፤ በቤተ ሙከራም ይባዛሉ። ከዚያም እንደ ስስ ጨርቅ ባለ መደገፊያ ላይ ይዘራሉ። ቀዶ ሐኪሟ የእናቲቱን ማሕፀን ከፍታ፣ ጨርቁን በፅንሱ ሕብለ ሰረሰር ላይ ታለብሰውና የጀርባውን ቆዳ በላዩ ላይ ትዘጋዋለች። የሕዋሳቱ ተግባር የሞተውን ነርቭ መተካት ሳይሆን፣ በሕይወት ያለውን ከሞት መጠበቅ ነው ተብሎ ይታመናል።

ይህ ዘዴ ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት የተፈተነው በበግ ግልገሎች ላይ ነበር። ጉድለቱ በማሕፀን ሳሉ ከተፈጠረባቸው ግልገሎች መካከል ሕዋስ ያለበት ጨርቅ የለበሱት ተወልደው ቆሙ፣ ተራመዱም። የመንዝ ሰው በግን ለሥጋው፣ ለጠጕሩና ለቆዳው ያውቀዋል፤ ለሕፃናት መዳን ያደረገው አስተዋጽኦ በዚህ ላይ ሊጨመርለት ይገባል። በሰው ላይ የመጀመሪያው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2021 ተደርጎ፣ ሕፃኑ በዚያው ዓመት በመስከረም ተወለደ። ጥናቱ በጠቅላላው 35 ያህል ታካሚዎች እንዲኖሩት የታቀደ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ዓላማ ደኅንነትን መመርመር ስለሆነ፣ ፈዋሽነቱን ለማወቅ ልጆቹ አድገው እርምጃቸው መለካት አለበት።

ስለ ሐሰተኛ ተስፋ

የሳይንሱ እርምጃ ዝግ ያለ ነው፤ የነጋዴው እርምጃ ግን ፈጣን ነው። ገና ያልተመሰከረለትን ሕክምና በብዙ ገንዘብ የሚሸጡ ክሊኒኮች በልዩ ልዩ አገሮች ተከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የሕክምና ጽሑፍ የሚተርከው ነገር ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ የነበረበት አንድ እስራኤላዊ ልጅ ሞስኮ ተወስዶ ከፅንስ የተገኙ የነርቭ ግንደ ሕዋሳት በአንጎሉና በሕብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ተወጉለት። ከመጀመሪያው መርፌ ከ4 ዓመት በኋላ በአንጎሉና በሕብለ ሰረሰሩ ላይ ዕጢ ተገኘ። ዕጢው ሲመረመር መነሻው የልጁ ሕዋስ ሳይሆን የተወጋው የሌላ ሰው ሕዋስ ነበር። ለመባዛት ያለው ችሎታ ግንደ ሕዋስን ተስፋ የሚያደርገውን ያህል አደገኛም ያደርገዋል።

እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ዛሬ በእጅ ስልክ በኩል እስከ ገጠር ጎጆ ይደርሳል። አባት በሬውን ሸጦ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ገንዘብ አሰባስቦ ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። ሕዋሱ ከማን ተወሰደ? ከዚህ ቀደም የታከሙት ልጆች ውጤት የት ታትሟል? ሕክምናው ገና ሙከራ ከሆነ ስለ ምን ገንዘብ ይጠየቅበታል? ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ሊታመን አይገባውም።

ዛሬ በአገር ውስጥ የሚቻለው

ለተወለደው ሕፃን ዛሬውኑ የሚደረግለት ነገር አለ። የተከፈተው ጀርባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ቢዘጋ፣ የአንጎል ሽፋን በተሕዋስያን ከመመረዝ ይድናል። ድሮ ለዚህ የሚሆን ባለ ሞያ በአገር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የባለ ሞያዎቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ አድጓል፤ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም ይህን ቀዶ ሕክምና ለሕፃናት ከሚሰጡት አንዱ ሆኗል።

ነገር ግን ሁለትና ሦስት ቀን ለመንዝና ለግሼ እናት ምን ማለት ነው? በቤቷ የወለደች እንደሆነ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ መድረስ አለባት። በክረምት ጭቃ፣ በጉም፣ ገና በአራስነቷ። የመርሐቤቴ እናትም ዓለም ከተማ ብትደርስ፣ የጀማን ሸለቆ መውረድና መውጣት ይቀራታል። የመንገድ መሐንዲስ በዚህ ሕክምና ውስጥ ያለው ድርሻ ከቀዶ ሐኪሙ የማያንስ መሆኑ ከዚህ ይታያል። አንድ አስተማማኝ ድልድይ ሁለት ቀን ያተርፋል፤ ሁለት ቀን ደግሞ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ከቀዶው በኋላ ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ላይ በጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። የተለመደው መድኃኒት ባለ መቆጣጠሪያ ቀጭን ቱቦ ከአንጎል እስከ ሆድ መቅበር ነው። ማንኛውም ቱቦ ይደፈናል፤ ይህም ይደፈናል። የተደፈነበት ልጅ ከተማ ውስጥ ካልሆነ ለሞት ይቀርባል። ስለዚህም ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በኡጋንዳ፣ በምባሌ ከተማ ሲሠራ፣ ያለ ቱቦ ለፈሳሹ የውስጥ መውጫ የሚከፍት ዘዴ አዳበረ። ከድኻ አገር ችግር የተወለደው ይህ ዘዴ በሀብታሞቹ አገሮችም በሥራ ላይ ውሏል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ግን እግሩ ያልታዘዘለት ልጅ እግሩ እንደማይታዘዝለት ይቀራል። የፊኛውንም ነገር እናቱ በየዕለቱ በንጹሕ ቀጭን ቱቦ መቆጣጠር አለባት፤ አለዚያ ኩላሊቱ ይበላሻል።

ወደ ጨው መመለስ

ከላይ የተነገረው ሁሉ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም በሕብለ ሰረሰር ጉዳይ ዋናው ነገር ጊዜ መሆኑን ነው። ከተወለደ በኋላ ከመታከም በማሕፀን መታከም ይሻላል፤ በማሕፀን ከመታከም ደግሞ በ28ኛው ቀን ቱቦው እንዲገጥም ማድረግ ይበልጣል። ሕዋሳቱን ከውጭ ማስገባት ሳያስፈልግ፣ የፅንሱ የራሱ ሕዋሳት ሥራቸውን ይፈጽማሉ።

ይህም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በብሪታንያ የምርምር ምክር ቤት አማካይነት በሰባት አገሮች የተካሄደው ጥናት፣ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ጉዳቱ ዳግመኛ የመድረሱ ዕድል ከመቶ 72 እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ፎሊክ አሲድ በጎመንና በባቄላ ከሚገኘው ቪታሚን ጋር አንድ ወገን ነው፤ ይሁንና በምግብ ያለው ብዙውን ጊዜ በመፍላት ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማርገዝ የምታስብ ሴት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ ይመክራል። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ክኒን ለደም ማነስ ጠቃሚ ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ይዘገያል፤ እናት ማርገዟን ዐውቃ ጤና ጣቢያ ስትደርስ 28ቱ ቀን አልፏልና።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዱቄቷን በፎሊክ አሲድ ታበለጽጋለች። በአገራችንም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት ማበልጸግ አስገዳጅ እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የመንዝ ባላገር የሚበላው በማሳው ያበቀለውን፣ በቀበሌው ወፍጮ ያስፈጨውን ገብስ ነው። የፋብሪካ ዱቄት ከቤቱ እምብዛም አይገባም። ከገበያ ገዝቶ ሳይበላው የማይውለው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ጨው ነው።

ከጓሳ ጫፍ ወደ ምሥራቅ መመልከት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። የደጋው ሰው ጨውን ከጥንት ጀምሮ የሚያገኘው ከአፋር ቆላ ነው። አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመትም በገንዘብ ፈንታ ያገለግል ነበር። ዛሬ የአገሪቱ ጨው አብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ምንጩ እንዲህ የተሰበሰበ፣ ተመጋቢው ግን እንዲህ የተበተነ ምግብ ሌላ የለም። ይህ ለመሐንዲስ ትልቅ ዕድል ነው።

መንገዱም አዲስ አይደለም፤ አዮዲን ሄዶበታል። ለእንቅርት መከላከያ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በደንብ ታዘዘ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን በ89ኙ ተገኘ። በአምስት ዓመት የተደረሰበት ይህ ውጤት የሚያኮራ ነው። ሆኖም በጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩ አንድ ነገር፣ መጠኑ በቂ መሆኑ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ዘመን የተደረገ ብሔራዊ ምርመራ በቂ መጠን ያለው የብዙዎቹ ቤት ጨው አለመሆኑን አሳይቷል። አንዱ ከረጢት ከመጠን በላይ፣ ሌላው ምንም ሳይኖረው ይወጣል። ይህ ጉድለት የሕግ አይደለም፤ የማደባለቅ ጉድለት ነው።

አሁን በምሳሌ ሒሳቡን መመልከት ይቻላል። አንዲት ሴት በቀን 8 ግራም ጨው ትበላለች ቢባልና በአንድ ኪሎ ጨው 50 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ቢኖር፣ 400 ማይክሮግራሙን ታገኛለች። ይህም ማለት ለአንድ ቶን ጨው 50 ግራም ማለት ነው። በወጥ መፍላት የሚጠፋውን ለመተካት ጥቂት ይታከልበታል። የጨው ፍጆታ ለደም ግፊት ሲባል እንዲቀንስ ከተፈለገም መጠኑን በዚያው ልክ ማስተካከል ይቻላል፤ ማንም ጨው አብዝቶ እንዲበላ አይጠየቅም።

በእጅ መዳፍ የሚያዝ 50 ግራም ዱቄት በአንድ ቶን ውስጥ እያንዳንዱ ማንኪያ ጋ እንዲደርስ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ፎሊክ አሲድ በንጹሕ ውኃ በደንብ አይሟሟም፤ ብርሃንም ያበላሸዋል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ለዚህ መላ አበጅተዋል፤ ሶዲየም ካርቦኔት በተጨመረበት ውኃ አሟሙተው ከአዮዲኑ ጋር በአንድ ላይ በጨው ላይ ይረጩታል። የቀረው የአገር ውስጥ ሥራ ነው። የአፍዴራ ጨው ደቃቅና ጓል የተቀላቀለበት፣ እርጥበትም ያለው ስለሆነ አስቀድሞ መታጠብ፣ መድረቅና እኩል መሰበር አለበት። በተመጠነ ፍጥነት በሚሄድ ማጓጓዣ ላይ በተመጠነ መርጫ መረጨት፣ ከየምርቱ ናሙና ተወስዶ መለካት፣ እርጥበትና ብርሃን በማያስገባ ከረጢት መታሸግ ይገባዋል። ከእነዚህ መካከል የመሐንዲስ ሥራ ያልሆነ አንድም የለም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባሎች፤

የሕዋስ ሕክምና ከንቱ ሕልም አይደለም። በዴቪስና በኬዮ የሚሠራው ሥራ አንድ ቀን ወደ አገራችን ይመጣል፤ ለሚመጣበትም ቀን ቀዶ ሐኪም፣ ቤተ ሙከራና ሕግ ማዘጋጀት ተገቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በየዓመቱ የሚወለዱት ሕፃናት አይጠብቁም። በመንዝ ደጋ ዛሬ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ ወጥ የምታወጣ ወጣት ሙሽራ፣ ከቆላ የመጣላትን ጨው በጣቷ ቆንጥራ ትጨምራለች። በዚያች ቁንጥጫ ውስጥ 50 ግራም ለቶን መኖር አለመኖሩ፣ ከዓመት በኋላ የምትወልደው ልጅ በጎቹን ተከትሎ መሮጥ መቻል አለመቻሉን ሊወስን ይችላል። ያችን ቁንጥጫ ማስተካከል የዚህ ሞያ ባለቤቶች ግዴታ ነው።